የመረጥናቸው እንደራሴ በምክር ቤትና በወረዳችን የሠሩትን በምን እንመዝን?

ጥያቄ (ከመምህሩ)
ጤና ይስጥልን። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመረጥናቸው ሰው በዕረፍት ወራቸው መጥተው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ አወያይተውናል። በትዕግሥት አዳመጡ፤ የተባለውንም ሁሉ በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉ። ስብሰባው ሊያበቃ ሲል ግን ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የወንዙን ድልድይ አምናም ጽፈኸው ነበር» አሏቸው። እንደራሴውም «ለሚመለከተው አካል አቅርቤያለሁ» ብለው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ድልድዩ የእግረኛ ነው፤ ሰኔ ላይ ወንዙ ሲሞላ ከማዶ የሚመጡ ተማሪዎቼ ለፈተና መድረስ ያቅታቸዋል። በዚያው ዕለት ገበሬዎች የአፈር ማዳበሪያ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ እንደደረሳቸው ተናግረዋል። ሰውየውን ያለ አግባብ መውቀስ አልፈልግም። ሥራቸውን በትክክል መሥራታቸውን እኛ መራጮች በምን ልናውቅ እንችላለን?

መልስ (ከሕግ ባለሙያው)
መምህር፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተን ብናያቸው ይሻላል። የእግረኛ ድልድይ የወረዳውና የክልሉ ጉዳይ በመሆኑ በቅድሚያ መጠየቅ ያለባቸው ለክልሉ ምክር ቤት የመረጣችኋቸው ተወካይ ናቸው። የማዳበሪያው ነገር ግን የተለየ ነው፤ ግዥውን የሚፈጽመው የፌዴራሉ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ ምርቱ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ገበሬው ዘንድ ይደርሳል። መዘግየቱ የተፈጠረው በግዥው ወይም ከወደብ በማጓጓዙ ላይ ከሆነ፣ ሚኒስትሩን መጠየቅ የእንደራሴው ሥራ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ «ምን አመጡልን?» ከማለት ይልቅ «የነገርናችሁን በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ሚኒስትር አነሡት? ምንስ ተመለሰልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መልስ (ከገበሬው ልጅ)
የባለሙያው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን በእናቲቱ ላይ የሚጥል እንዳይሆን እሰጋለሁ። አንዲት የገጠር እናት የትኛው ጉዳይ የፌዴራል፣ የትኛው የክልል እንደሆነ ለይታ እንድትጠይቅ አይጠበቅባትም። ያን መለየት ያለባቸው እንደራሴው ናቸው፤ ሥልጣናቸው ያልሆነውን በደብተር ጽፎ ተስፋ ከመስጠት ይልቅ እዚያው አዳራሽ ውስጥ «ይህ የክልሉ ነው፤ ከክልሉ ተወካያችሁ ጋር አብረን እንጠይቃለን» ማለት ነበረባቸው። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው። በሌላ በኩል፣ በቴሌቪዥን አላየናቸውም ብለን እንዳንፈርድባቸው፤ ከምክር ቤቱ ሥራ ብዙው የሚከናወነው ረቂቅ ሕግ በሚመረመርበትና የመሥሪያ ቤቶች ሪፖርት በሚገመገምበት በቋሚ ኮሚቴዎች ውስጥ ነው። በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንዳሉና እዚያ ምን እንዳነሡ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልስ (ከቀበሌ ነዋሪ)
እኛ ዘንድ የጠቀመንን ልንገርዎ። በውይይቱ ላይ አንድ ሰው ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ አደረግን፤ ጥያቄዎቹን በቁጥር ለይተን ጻፍን፤ በመጨረሻም እንደራሴው ፈረሙበት፤ አንዱን ቅጂ ለራሳችን አስቀረን። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ስብሰባው የተጀመረው ያንኑ ወረቀት በማንበብ ነበር። ሁሉም ጥያቄ አልተመለሰም፤ ሆኖም የትኛው እንደተነሣ፣ የትኛው እንደተረሳ በግልጽ ታወቀ። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ስለሚሠራ፣ በመካከልም የአንድ ወር ዕረፍት ስላለው፣ መቼ እንደሚመጡ አስቀድሞ ማወቅ አያስቸግርም።

ምላሽ (ከሕግ ባለሙያው)
የገበሬው ልጅ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ማስረዳት የተመራጩ ግዴታ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ሲሆን፣ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበትም በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። ለዚህም ቢሆን በእጅ ያለ የጽሑፍ ማስረጃ ከስሞታ ይልቅ ይረዳል።

ምላሽ (ከመምህሩ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የድልድዩን ጉዳይ ለክልሉ ተወካይ በደብዳቤ አቀርባለሁ፤ የማዳበሪያውን ደግሞ ገበሬዎቹ የደረሳቸውን ቀን ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ አውጥቼ ለእንደራሴው እልካለሁ። የቀበሌ ነዋሪ ሆይ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ከእንደራሴው ሌላ ማን ማን ፈርሞበት ነበር?

መልስ (ከቀበሌ ነዋሪ)
ስብሰባውን የመሩት ሰውና ከነዋሪው የተመረጡ ሦስት ሰዎች ፈርመዋል። ከሦስቱ አንዷ ሴት እንድትሆን አድርገናል፤ እናንተም ያቺን እናት ብትመርጡ መልካም ነው።