«ለሕዝብ ክፍት» የሚባለው ሌክቸር ለየትኛው ሕዝብ ነው?

የግሩፑ አድሚን፦
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ሰሞኑን በየኮሜንቱ ሥር ሲካሄድ የነበረውን ጭቅጭቅ አንድ ቦታ እንጨርሰው። ጥያቄው ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ፖሊሲና በዓለም አቀፍ ጉዳዮች ላይ የሚያዘጋጁት ፐብሊክ ሌክቸር በአማርኛና የከተማው ሰው በሚመቸው ሰዓት ይሁን? ወይስ እንደ እስከዛሬው በእንግሊዝኛ፣ በሥራ ቀን፣ ለተማሪና ለመምህር ይቀጥል? የምትሉትን በሉ። ስድብ የጀመረ ይወጣል።

የጠባሴ ባለሱቅ፦
እኔ በአማርኛ ይሁን ባይ ነኝ። ምክንያቴም ሆዴ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያኔ አከፋፋዩ ጠዋት የነገረኝን የዘይት ዋጋ ከሰዓት በኋላ ይክደዋል፣ እኔ ደግሞ ለደንበኞቼ ዱቤ ልስጥ ወይስ ልከልክል እያልኩ የዱቤ ደብተሩን ሳገላብጥ አመሻለሁ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ ሲባልም ሰማሁ። በምን ውል? ገንዘቡስ በአንዴ ይመጣል ወይስ በየጊዜው? ይሄን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ ከተገኘ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ይቅርብኝ፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አየዋለሁ።

የበሬሳው መምህር፦
ወንድሜ፣ ያልከው ይገባኛል። ግን ሌክቸር ምን እንደሆነ እንግባባ። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቼ አንድ ዲፕሎማት ወይም ተመራማሪ በእንግሊዝኛ ሐሳቡን ሲያስረዳ፣ ሲጠየቅና ሲሟገት የሚሰሙበትን ዕድል በዓመት ስንቴ ያገኙታል? ክፍል ውስጥማ፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ እኛም በአማርኛ ነው የምናስረዳቸው። ነገ እነዚሁ ልጆች ለውጭ ስኮላርሺፕ ወይ ለአፍሪካ ኅብረት ሥራ ሲወዳደሩ ማን ይተረጉምላቸዋል? ደግሞ ሁሉን ነገር ለሁሉም ሰው እናድርግ ካልን ሌክቸሩ ስብሰባ ይሆናል። ስብሰባ እንደሆነ ሞልቶናል።

ሚጡ ከሸዋ ሮቢት፦
ስብሰባማ ቢሆን አዳራሹ ጢም ይል ነበር፣ አበል አለዋ።

የበሬሳው መምህር፦
ሃሃ፣ እሱን አልክድም። የባለሱቁን ጥያቄ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። የ3.4 ቢሊዮኑ ፕሮግራም የአራት ዓመት ነው። በጸደቀ ጊዜ ወዲያው የተለቀቀው 1 ቢሊዮን ገደማ ነው። የቀረው በየጊዜው እየተገመገመ ይለቀቃል። ሲገመገም መንግሥት የገባው ቃል ይታያል፣ ለምሳሌ የምንዛሪው ገበያ እንዴት ነው፣ ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት ብር እያበደረ ነው ወይ፣ ታክስ በደንብ ይሰበሰባል ወይ። ስለዚህ ዶላሩ ወደ ድሮው ይመለሳል ብለህ አትጠብቅ።

ሚጡ ከሸዋ ሮቢት፦
እንዴ! ይኸው በአማርኛ አስረዳኸው እኮ።

የበሬሳው መምህር፦
ይሄ ቀላሉ ነው ሚጡዬ። የዕዳ ሽግሽግ ድርድሩን፣ አበዳሪ አገሮችና የቦንድ ባለቤቶች ለምን እኩል እንስተናገድ እንደሚባባሉ በዚህ ዓይነት ላስረዳ ብል ግማሹን እንግሊዝኛ መቀላቀሌ አይቀርም፣ ያኔ ደግሞ ጉራማይሌ ተናገረ ተብዬ እሰደባለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፦
እኔ ብዙ አልጻፍም ነበር፣ ግን «ለተማሪና ለመምህር ይቀጥል» ስትሉ ከነከነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ ውጭ የሚላክ ልብስ ስንሰፋ ነው አጎዋ የሚባል፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል መኖሩን የሰማሁት፣ እሱንም ከቀረ በኋላ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አሜሪካ የሰሜኑን ጦርነትና የመብት ጥሰት ምክንያት አድርጋ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ከቀረጥ ነፃ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት። እኛ መስመር ላይ ያየነው ምንድን ነው? ኦቨርታይም ቀረ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቀረ፣ ቀጥሎ የማታው። ልጆቹ የቤት ኪራይ ሦስት ሆነው ይከፍሉ የነበረው አምስት ሆኑ፣ አንድ ፍራሽ ላይ። አለቃችንን ስንጠይቀው «ኦርደር የለም» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም፣ እሱም አያውቅማ። እንግዲህ ዓለም አቀፍ ጉዳይ ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው? ያኔ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሽፍት ስንለቅ፣ 11 ሰዓት ላይ መጥቶ ቢያስረዳን ቆመን እንሰማው ነበር።

ጡረተኛው ከአንኮበር፦
እግዚአብሔር ያክብርሽ ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽ። እኔ ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። «የገጠር ከተማ ሰው የውጭ ጉዳይ ምን አገባው» የሚል ሲገጥመኝ ይገርመኛል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት በ1834 ዓ.ም. እዚሁ አንጎለላ ነው፣ ከደብረ ብርሃን አፍንጫ ሥር። ሃሪስ መድፍና ጠብመንጃ ይዞ ነበር የመጣው፣ እጅ መንሻው የዋዛ አልነበረም። ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣልያኖቹ የጂኦግራፊ ማኅበር አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጥተዋቸዋል። የአገሪቱ የውጭ ግንኙነት ከዚህ ጋራ ላይ ሲሠራ ነበር ማለት ነው።
እንግዲህ እኔ የምለው፣ መምህር ልጄም አይቀየመኝ፣ ተናጋሪው በፈለገው ቋንቋ ይናገር። ነገር ግን ጽሑፉ በአማርኛ አራት አምስት ገጽ ሆኖ ከሳምንት በፊት ይበተን። ሰው አንብቦ፣ አስቦበት ይምጣ። ያላነበበ ሰው አዳራሽ ገብቶ ያጨበጭባል እንጂ ምን ይጠይቃል?

የመንዙ፦
ሁላችሁም ደብረ ብርሃንን ብቻ ነው የምታወሩት። ከመሃል ሜዳ ለሌክቸር የሚመጣ ሰው የት አለ? መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይስ ዝግ ብሎ ደውሎ የሚነሳ ሕዝብ እኮ ነው። ደግሞ ከምሬ ነው የምላችሁ፣ በዚህ ጊዜ ስለ ብሪክስና ስለ ቀይ ባሕር ሌክቸር ማዘጋጀት ቅንጦት ይመስለኛል።
የገበሬው ጥያቄ ሌላ ነው። በ2014 ማዳበሪያ ለምን እንደዚያ አሻቀበ? ዩክሬን ጦርነት ስለገባች ነው ተባለ። ዩክሬንና የኛ ገብስ ምን አገናኛቸው? ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ እንደሚገባ፣ ሩሲያም ከዓለም ትልልቅ አምራቾች አንዷ እንደሆነች፣ ዩሪያ ደግሞ ከተፈጥሮ ጋዝ እንደሚሠራ፣ ጋዙ ሲወደድ እሱም እንደሚወደድ ለአባቴ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ከዩቲዩብ ለቅሜ። አባቴ የትም ሌክቸር አይሄድም። ሬዲዮ ግን ከጆሮው አይነጥልም። ስለዚህ ቀርጻችሁ በሬዲዮ ልቀቁት። አዳራሹንማ ለባነሩ ተዉለት።

ተማሪዋ ከአረርቲ፦
ቋንቋ፣ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ዋናውን ነገር ማንም አላነሳውም። ጥያቄ!
አንድ ጊዜ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም ልተወውና፣ ስለ ዓባይ ፐብሊክ ሌክቸር አለ ተብሎ ገባን። ፕሮግራሙ 3 ሰዓት ነበር የሚለው፣ 4 ሰዓት አለፈው። ከዚያ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ሌላ የመክፈቻ ንግግር። የፊተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፣ የተለጠፈለት ሰው ግን ግማሹ አልመጣም፣ እኛ ደግሞ ከኋላ ቆመናል። እንግዳው ሲጀምር ፓወርፖይንቱ እንቢ አለ። በስንት መከራ ተከፍቶ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረ፣ አልዋሽም። በፈረንጆቹ 1959 የተፈረመው የግብፅና የሱዳን ስምምነት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ሲያከፋፍል ለኢትዮጵያ ምንም እንዳላስቀረ ያወቅሁት እዚያ ነው።
ከዚያ «ጊዜ ስላጠረን ሁለት ጥያቄ ብቻ» ተባለ። አንደኛው ማይክ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ሄደ። ሰውየውም ጥያቄ ሳይሆን ምስጋና አቀረቡ። ሁለተኛውን አንድ የሦስተኛ ዓመት ልጅ ነጠቀ ማለት ይቻላል። «የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፉ ስምምነት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ሥራ ላይ ውሏል። ግብፅና ሱዳን ግን አልፈረሙም። ባልፈረመ አገር ላይ ምን ጉልበት አለው?» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ሁላችንም መልሱን ፈልገነዋል። አወያዩ ግን ሰዓቱን አየና «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሻይ ሰዓት ትቀጥላላችሁ» ብሎ ዘጋው። በሻይ ሰዓት እንግዳው ከአመራሮቹ ጋር ወደ ሌላ ክፍል ገባ።
እንግዲህ ያንን ፕሮግራም በአማርኛ ብታደርጉት፣ እሑድ ብታደርጉት፣ ምን ይለወጣል?

ልብስ ሰፊዋ፦
ልጁስ መልሱን አገኘ?

ተማሪዋ ከአረርቲ፦
የት ያገኛል። ብስኩት ነው ያገኘው።

የበሬሳው መምህር፦
እዚህ ላይ እውነት አላት። ግን ከመድረክ ወዲያ ማዶ ያለውንም እዩት። አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የአካዳሚክ ነፃነትን ይደነግጋል። ወረቀቱ ላይ አለ። ነገር ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ያስረዳሁት ነገር ተቆርጦ ተቆርጦ አሥር ሰከንዷ ቲክቶክ ላይ ስትወጣ አዋጁ አብሮኝ አይቆምም። አንዱ ወገን ባንዳ ይለኛል፣ ሌላው ካድሬ። ስለ ወደብ ወይ ስለ ዶላር «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» ብለህ መናገር ራሱ ድፍረት በሆነበት ጊዜ አወያዩ ጥያቄ ቢሸሽ ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም።

የመንዙ፦
ታዲያ አትቅረጹ በሏ።

የበሬሳው መምህር፦
በር ላይ ስልክ የሚሰበሰብበት ነገር ደግሞ «ለሕዝብ ክፍት» አይባልም። አንተው ራስህ በሬዲዮ ይለቀቅ ስትል አልነበረም?

ጡረተኛው ከአንኮበር፦
ፍርሃቱ አይጠፋኝም ልጄ፣ እኛም በሦስት መንግሥት አስተምረናል። ግን ተናጋሪው የማይመልሰውን «ይሄን አልመልስም» ይበል። ሰው ይረዳዋል። አያሸሹት ነው የምለው።

ተማሪዋ ከአረርቲ፦
እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ግማሹ ሰዓት የጥያቄ ይሁን። የመክፈቻ ንግግሩ ይቅር፣ ወይ በጽሑፍ ይለጠፍ። ማይኩም ከኋላ ረድፍ ይጀምር።

የበሬሳው መምህር፦
ግማሹ ሰዓት የጥያቄ ይሁን በሚለው እኔም እስማማለሁ። በእንግሊዝኛ።

የጠባሴ ባለሱቅ፦
እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ አንተ እንደፈለግህ መልስ። ሰዓቱን ብቻ ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉልኝ።