በሶብላ፣ ጤና አዳምና ሚጥሚጣ ቤት ውስጥ ከዘር ማብቀል፦ ችግኞቼ ቀጥነው እየወደቁብኝ ነው፣ እርዱኝ

ጥያቄ (ከሴንት ፖል)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል፣ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሜይ ላይ የመጀመሪያ ልጄን እወልዳለሁ፣ እናቴም ልታርሰኝ ከደሴ ትመጣለች። ቡናዋን ያለ ጤና አዳም፣ ሽሮዋንም ያለ በሶብላ አትወድም። ስለዚህ ከአሁኑ ከጃንዋሪ ጀምሬ ቤት ውስጥ ላበቅል አሰብኩ።

የበሶብላውን ዘር ያገኘሁት ከሐበሻ ሱቅ ከገዛሁት ደረቅ በሶብላ አሽቼ ነው። የጤና አዳሙንና የሚጥሚጣውን ዘር ጓደኛዬ ከራሷ ተክሎች ሰጠችኝ። በትንንሽ ኩባያዎች የጓሮ አፈር ሞልቼ፣ ደቡብ በሚያየው መስኮት ደፍ ላይ ደረደርኳቸውና ጠዋት ጠዋት አጠጣለሁ። ከላይ ወይን ጠጅ የሚያበራ የተክል መብራት ሰቅያለሁ፤ ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ይላል። ከኩባያዎቹ አንድ ሜትር ያህል ይርቃል።

በሶብላው ቶሎ በቀለ። ግን ግንዱ ክር አክሎ ረዘመ፣ ወደ መስኮቱ ተንጋደደ፣ ከዚያ አፈሩ ጋ ያለው አንገቱ ጠቁሮ ቀጠነና አንድ በአንድ ተኛ። ሚጥሚጣውና ጤና አዳሙ ጨርሶ ብቅ አላሉም። ችግሩ የዘሩ ነው ወይስ የኔ አያያዝ? መብራቱስ ስንት ያስከፍለኛል? በዚያ ላይ የሕንፃው ኃላፊ ከውጭ የሚታየው ሐምራዊ ብርሃን ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የሚያሰጋ ነገር አለው?

መልስ 1 (ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ)

ልጄ፣ የበሶብላ ዘርሽ ደህና ነው። ባይሆን በሶብላው መጀመሪያውኑ አይበቅልም ነበር። ያጋጠመሽ ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ ለየብቻው እንየው።

ግንዱ የረዘመውና የተንጋደደው ብርሃን ፍለጋ ነው። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ሚኒሶታ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። የደቡብ መስኮት ብቻውን ለችግኝ አይበቃም።

አንገቱ ጠቁሮ የተኛው ግን በሽታ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ሲያገኙ ለጋውን ግንድ ልክ አፈሩ ጋ ያበሰብሱታል። አንዴ የተኛ ችግኝ አይነሳም፤ ከነአፈሩ አውጥተሽ ጣይው፣ አፈሩን መልሰሽ አትጠቀሚበት። የጓሮ አፈር ኩባያ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ውኃ ይይዛል፣ በሽታም ይዞ ሊመጣ ይችላል። በምትኩ ለዘር ማብቀያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀላል ድብልቅ ግዢ፣ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የተክል ብስባሽ) ወይም የኮኮናት ገለባ ከፐርላይት (ነጭ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ጋር የተቀላቀለ ነው። ኩባያዎቹን በሳሙና እጠቢ፤ ታቻቸው ካልተበሳ ብሺ።

ውኃ በየቀኑ አትስጪ። ኩባያውን አንሥተሽ ክብደቱን ተላመጂው፤ ሲቀልልና ላዩ ደረቅ ሲል ብቻ ውኃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጪው፣ ከታች ይጠጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊ። ትንሽ ማራገቢያ በዝቅተኛ ፍጥነት አየሩን ብታንቀሳቅስ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ግንዱም እየተወዛወዘ ይጠነክራል።

አዘራሩን በተመለከተ፦ በሶብላን ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ አፈር ሸፍኚ። ዘሩ ሲረጥብ ዙሪያውን ዝልግልግ ነገር ያወጣል፣ ያ ተፈጥሮው ነው፣ ሻጋታ መስሎሽ አትጣይው። ሚጥሚጣ ሙቀት ይፈልጋል። አፈሩ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ደስ ይለዋል፣ በብርድ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። የጃንዋሪ መስኮት ደፍ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው ቦታ ነው። ለችግኝ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ አለ፣ እሱን ከሥሩ አንጥፊለት። እንደዚያም ሆኖ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ተስፋ አትቁረጪ። በቅሎ ቀና ሲል ምንጣፉን አንሺ።

መልስ 2 (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 1000 ዋት እርሺው። እሱ ለማሻሻጥ የሚጻፍ ማነጻጸሪያ ነው። እንዲህ ያሉ መብራቶች በእውነት የሚስቡት ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ነው። የመብራቱ ጀርባ ወይም የትራንስፎርመሩ መለያ ላይ እውነተኛው ዋት ተጽፏል፣ እሱን ፈልጊ።

ለምሳሌ 40 ዋት ቢሆን፣ በቀን 16 ሰዓት ስታበሪው 0.64 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፣ በ30 ቀን 19.2። ኪሎዋት ሰዓቱ 17 ሳንቲም ቢሆን በወር 3 ዶላር ከሩብ ያህል ነው። የማሞቂያ ምንጣፏም ትንሽ ናት፣ ሂሳብሽን አታናጋም።

ዋናው ችግርሽ ርቀቱ ነው። አንድ ሜትር በጣም ሩቅ ነው። የትንሽ መብራት ርቀት በግማሽ ሲቀነስ ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከችግኙ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አውርጂው። እጅሽን በቅጠሉ ከፍታ ላይ አድርጊ፤ ሙቀቱ ከተሰማሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው። ተክሉ ሲያድግ መብራቱም አብሮ ከፍ ይላል። ለ16 ሰዓት አብርቶ ለ8 ሰዓት የሚያጠፋ ታይመር ግጠሚለት፤ ተክልም ጨለማ ያስፈልገዋል።

አዲስ ብትገዢ ነጭ ኤልኢዲ ምረጪ። ተክሉን በደንብ ያሳድጋል፣ ዓይን አያደክምም፣ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ወይም ተባይ ሲገባ ደግሞ ወዲያው ይታይሻል። በወይን ጠጁ ብርሃን ሥር ሁሉም ቅጠል ጥቁር ነው የሚመስለው። ከልቤ የማሳስብሽ ደግሞ ማከፋፈያ ገመዱን ነው፦ ከውኃ ሳህኖቹ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፤ ውኃ ቢፈስበት እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይሄድም።

መልስ 3 (በስደተኞች ጉዳይ የምሠራ፣ ሚኒያፖሊስ)

የሕንፃው ኃላፊ ለምን እንደጠየቀሽ ልንገርሽ። ሚኒሶታ ከኦገስት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ቤቱ ውስጥ እስከ 8 የካናቢስ (ማሪዋና) ተክል እንዲያበቅል ፈቅዳለች፤ ከነዚያ ውስጥ ያበቡት ከ4 መብለጥ የለባቸውም፣ የተቆለፈና ከሕዝብ ዓይን የተሰወረ ቦታም ይፈልጋል። ስለዚህ ሐምራዊ ብርሃን የሚያይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ነው። አከራዮች ደግሞ በውላቸው ሊከለክሉት ይችላሉ።

የበሶብላ ችግኝ ማንም አይከለክልሽም። ኃላፊውን ጠርተሽ ኩባያዎቹን አሳዪው፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ነጭ መብራት ብታደርጊ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ይህን የምጽፈው ግን ለሌሎች አንባቢዎችም ብዬ ነው። ዜግነት ያላገኛችሁ ወገኖች፣ ስቴቱ ፈቀደ ማለት የፌዴራሉ ሕግ ፈቀደ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት (USCIS) በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በስቴት ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት የዜግነት ማመልከቻ ላይ የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። «ያንተ ቤት ሰፊ ነው፣ ሁለት ተክሌን አስቀምጥልኝ» የሚል ጓደኛ ቢመጣ እሺ እንዳትሉ። ጥያቄ ያለበት ሰው ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

መልስ 4 (ነርስ)

እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እህት፣ በሰላም ያገላግልሽ። እኔ የምናገረው ስለ ጤና አዳሙ ነው። እባክሽ ነፍሰ ጡር ሳለሽ አትጠጪው፣ በቡናም ቢሆን፣ በሻይም ቢሆን። ማህፀንን ሊያኮማትር የሚችል ተክል ነው፤ ባህላችን ውስጥ ስለለመድነው ብቻ ምንም አያደርግም ብለን ማለፍ የለብንም። እናትሽ ቡናቸው ላይ አድርገው ይጠጡ፣ ያንቺን ስኒ ግን ለብቻው ይቅዱልሽ።

ከወለድሽ በኋላም አንድ ነገር ይመጣል፦ «ሆዱን ነፍቶታል፣ ጤና አዳም አሽተን እናጠጣው» ይባላል። ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ወተትና ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት ወይም ቫይታሚን በስተቀር ውኃም እንኳ አያስፈልገውም፤ ጡት ካልጠባ ደግሞ ለሕፃን የተዘጋጀ ወተት (ፎርሙላ) ነው የሚወስደው። ይህን ለእናትሽ ከአሁኑ በስልክ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ያኔ ሲያለቅስ ከመከራከር ይሻላል።

ስትቆርጪውም ጓንት አድርጊ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ከመታው እንደ ቃጠሎ ውኃ ቋጥሮ ሊያብጥ፣ ጠባሳውም ሊቆይ ይችላል።

መልስ 5 (የሴንት ፖል ነዋሪ)

ጎረቤት ነን! ጤና አዳሙን ከዘር ለማውጣት አትድከሚ። ዘሩ ላይ ላዩን ሲዘራ እንኳ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፣ ብዙውም ላይበቅል ይችላል። ጓደኛሽ ተክሉ ካላት፣ ያላበበ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ ትቁረጥልሽ። የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ እርጥብ ፐርላይት የበዛበት አፈር ውስጥ ትከዪው፣ በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍኚው፣ በጥቂት ሳምንት ሥር ይሰዳል። ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ውኃ ቀንሺለት፤ ጤና አዳም የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው።

በሶብላው አሁን እንደገና ብትዘሪው በስድስት ወይ በስምንት ሳምንት ቅጠሉ ይቀነጠሳል፣ ለእናትሽ በደንብ ይደርሳል። ሚጥሚጣው ግን ለሜይ አይደርስም፣ ቶሎ ቢባል ለኦገስት ነው፤ አበባው ቤት ውስጥ ከመጣ ንፋስና ንብ ስለሌለ ጣትሽን አድርገሽ ግንዱን ነቅነቅ አድርጊው፣ ያፈራል። ወደ ውጭ የምታወጫቸው ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ሲያቆም ነው፣ እዚህ ከሜይ መጨረሻ በፊት አይታሰብም። ሲወጡም ለአንድ ሳምንት ከጥላ እየጀመርሽ ቀስ በቀስ ፀሐይ አለማምጃቸው።

ጠያቂዋ እንደገና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አፈሩን ቀየርኩ፣ ነጭ መብራት ገዝቼ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ አወረድኩት፣ በሶብላው አሁን አጭርና ወፍራም ሆኖ ሁለት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን) አውጥቷል። የጤና አዳሙን ቅርንጫፍም ተቀብያለሁ። እናቴ ስለ ሕፃኑ የነገርኳትን ሰምታለች፣ መጀመሪያ ቅር ቢላትም። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ከአፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይነሳሉ። ማዳበሪያስ መቼ ነው? በሶብላውን ደግሞ ለበርበሬና ለሽሮ ስለምፈልገው አበባውን ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

መልስ 6 (የግብርና ባለሙያው)

ዝንቦቹ ራሳቸው ብዙ አይጎዱም፣ እርጥብ አፈር ላይ የሚጥሉት እንቁላል የሚፈለፍለው ትል ግን ለጋ ሥር ይበላል። ላዩን እስኪደርቅ ውኃ አቁሚ፣ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ኩባያዎቹ መካከል ትከዪ። ካልቀነሱ ትሎቹን ብቻ የሚገድል የባክቴሪያ ዝግጅት በአትክልት መደብር አለ፣ ከውኃው ጋር ይሰጣል።

ማዳበሪያውን አሁን መጀመር ትችያለሽ፣ ግን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። የቧንቧ ውኃችሁ ኖራውን በጨው በሚያወጣ ማለስለሻ መሣሪያ የሚያልፍ ከሆነ አትጠቀሚበት፣ ጨው አፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

በሶብላውን ለሁለት ከፍለሽ ያዢው። ለቅጠል የምትፈልጊውን ሦስት ጥንድ ሲያወጣ ከሁለተኛው ጥንድ በላይ ቁረጪው፤ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ይሰፋል። ለቅመም የምትፈልጊውን ግን አትንኪው፣ ያብብ። ለበርበሬና ለሽሮ የሚፈለገው ሽታ አበባው ላይ ነው የሚበረታው። የአበባው ዘለላ ከታች ወደ ላይ ቡናማ መሆን ሲጀምር ቁረጪና በወረቀት ከረጢት ውስጥ ቁልቁል ዘቅዝቀሽ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ቦታ ስቀዪ። ፀሐይ ላይ ካደረቅሽው ሽታው ይሄዳል። ለከርሞ ዘር የምታስቀምጪውን ውጭ ስታወጪ ከጣሊያንና ከታይ ባሲል (የበሶብላ ዘመዶች) አርቂው፤ ንብ ያዳቅላቸዋል፣ የሚቀጥለው ዘር የእናትሽን በሶብላ አይሸትም።