ክርክር፦ የሬንጅ ሮቨርና የኤክስ5 ብልሽት፣ ጥፋቱ የመኪናው ነው ወይስ የያዡ?

አወያይ፦
ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየጋራዡ ግቢ ቆመው የሚከርሙትን ሬንጅ ሮቨር፣ ዲስከቨሪ፣ ቢኤምደብሊው ኤክስ5 እና መርሴዲስ ጂኤል ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ወገን «ዲዛይናቸው ለዚህ አገር አይሆንም» ይላል፤ ሌላው «ገዳያቸው አያያዝ ነው» ይላል። ሦስተኛ ጥያቄም ተነስቷል፦ መለዋወጫና መመርመሪያ ያላዘጋጀ ነጋዴ እንዲህ ያለ መኪና እንዲሸጥ ሊፈቀድለት ይገባል ወይ? «የአጎቴ መኪና እኮ» የሚል ወሬ ይቅርብን፤ የተበላሸውን ክፍልና ምክንያቱን ጥቀሱ።

ዳሞት፦
ጥፋቱ የመኪናው ነው። ከኤር ሰስፔንሽኑ ልጀምር። አብዛኞቹ ዲስከቨሪ 3 እና 4፣ ሬንጅ ሮቨሩም፣ ጂኤሉም በብረት ሞላ ፈንታ አየር የተሞላ የጎማ ባሎን ላይ ነው የሚቀመጡት። ባሎኑ ሲያረጅ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ዋልካ ጭቃ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅበት ደግሞ እየፈገፈገ ያፋጥነዋል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያክል እንኳ አየር የሚነፋው ኮምፕረሰር የጎደለውን ለመሙላት ደጋግሞ ይነሳል። ኮምፕረሰሩ ግን የተሠራው ለአጭር ሥራ ነው። ሲደጋግም ይግላል፣ የፒስተኑ ቀለበት ያልቃል፣ እርጥበት የሚመጥጠው ድራየር ይጠግባል፣ ውሃው አየሩን ለየባሎኑ ወደሚያከፋፍለው ቫልቭ ብሎክ ያልፋል። ባለቤቱ ሮጦ ኮምፕረሰር ይገዛል፤ ባሎኑ እንደተቀደደ ስለሆነ አዲሱም ይቃጠላል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ የሰስፔንሽኑን ፊውዝ ንቀሉ፤ አለዚያ መኪናው ራሱን ለማስተካከል ደህናውን ጥግ ዝቅ እያደረገ ያሳስታችኋል። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ በአራቱም በኩል በሜትር ለክታችሁ ጻፉት። ጠዋት እንደገና ለኩ። አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ ባሎኑ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ቱቦ ነው፤ ፊቱ ወይም ኋላው በሁለቱም በኩል እኩል ከወረደ ቫልቭ ብሎኩን ጠርጥሩ። ከዚያ የሳሙና ውሃ እየረጩ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ መፈለግ ነው። ባሎን ከተቀየረ ድራየሩና የኮምፕረሰሩ ሪሌይ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው) አብረው ይቀየሩ። አሁን ልጠይቅ፦ በብረት ሞላ የሚሄድ የቶዮታ ፕራዶ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የት አለ?

ጮቄ፦
አያ ዳሞት፣ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ መኪናውን ግን አያስከስስም። ጎማ ያረጃል። አሥር ዓመት የሞላውን መኪና ከዱባይ አስመጥቶ ባሎኑን ሳይነኩ መንዳት የማን ጥፋት ነው?

እኔ የማየው ትልቁ ገዳይ የራዲያተር ውሃ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የኤክስ5 ሞተር ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ሆን ብሎ እስከ 105 ዲግሪ እንዲሠራ የተደረገ ነው። እንዴት ሳይፈላ ይቀራል? ሲስተሙ ዝግ ስለሆነና ክዳኑ ከ1 ባር በላይ ግፊት ስለሚይዝ፣ ውስጡም ግማሽ በግማሽ ኩላንት ስላለው። ክዳኑ ከላላ ወይም አንድ ቱቦ ካንጠባጠበ ግፊቱ ይጠፋል፤ በዚያው ሙቀት ውሃው ወዲያው ይፈላል። ሾፌሩ ከምንጭ ውሃ ቀድቶ ይሞላል፤ ዝገትና ዝቃጭ ይከተላል። ከዚያ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ «ጀርመን ሌባ ነው» ይባላል። ከ2007 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በተሠራው ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ኤክስ5 ላይ ደግሞ የውሃ ፖምፓው በቺንጋ የሚዞር አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ነው። ሳይጮህ ሳያፈስ በድንገት ይቆማል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ 100 ሺህን ሲያልፍ ከተርሞስታቱ ጋር አስቀድሞ መቀየር እንጂ አባይ በረሃ መሀል እስኪቆም መጠበቅ የለም።

የግፊት መፈተሻ የእጅ ፖምፓ ውድ ዕቃ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ሞልቶ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፤ መርፌው ከወረደ የሚያፈስ አለ።

የበረሃው ሾፌር፦
ፍሬኑንም አትርሱት። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ መኪናው ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ማርሹን በእጅ አድርጎ 2ኛና 3ኛ ላይ መያዝ፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ፤ እያስታከኩ መውረድ ዲስኩን ያጣምመዋል።

ዳሞት፦
ጮቄ፣ ፖምፓውን በቀጠሮ ለውጡ ካልከኝ እኔን ደገፍከኝ ማለት ነው። ደግሞ አያያዝ የማያድነው ብልሽት አለ። የዲስከቨሪውና የሬንጅ ሮቨር ስፖርቱ ቪ6 ናፍጣ ሞተር፣ ባለ 2.7 ሊትሩም ባለ 3.0ውም፣ ክራንክ ሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በመስበርና ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበትን ልባስ) በማዞር በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይሰጥም፤ ጉልበት ይጠፋል፣ ዳሽቦርዱ ይበራል፣ አለቀ። የሬንጅ ሮቨሩ ባለ 5.0 ሊትር ቤንዚን ሞተር የውሃ ቱቦዎች ፕላስቲክ ናቸው፤ የኋለኛው ከሞተሩ ጀርባ ተደብቆ ስለሚሰነጠቅ ውሃው ሲጎድል እንጂ ሲፈስ አይታይም። ቪ8 ኤክስ5ስ? ኤን63 የሚባለው ሞተር ሁለቱን ተርቦ (በጭስ ግፊት እየዞሩ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፉትን) በቪ ቅርጽ ከተደረደሩት ሲሊንደሮች መሀል ነው ያስቀመጣቸው። ሙቀቱ የቫልቭ ጎሚኒውን አድርቆ ዘይት ያስበላል። ቢኤምደብሊው ራሱ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሞተር ልዩ የጥገና ፕሮግራም ለመክፈት ተገደደ። ይህም አያያዝ ነው በለኝ!

ጮቄ፦
ያ ፕሮግራም ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ምን እንደሆነ ለምን አልጨመሩም? የዘይት መቀየሪያው ከ15 ሺህ ማይል ወደ 10 ሺህ ማይል ዝቅ ተደረገ። ዘይቱ ቢቆይ ጉዳት እንዳለው አምራቹም ተቀበለ ማለት ነው። እዚህ አቧራና ዳገት ባለበት፣ በጄሪካን የተቀዳ ነዳጅ በሚነዳበት አገር ከ7 ሺህ ኪሎ ሜትር ማለፍ የለበትም። ሲቀየርም ፊልትሮውን ቆርጦ ወረቀቱን ዘርግቶ ማየት ነው፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ብሮንዚኑ እየሄደ ነው፣ ሞተሩ ሳይሰበር መፍታት ይቻላል።

ናፍጣውን በሚመለከት፦ የጭስ ማጣሪያው ጥቀርሻውን የሚያቃጥለው 600 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ሩብ ሰዓት ያህል ሲነዳ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከቀበሌ 14 ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የሚመላለስ መኪና ይህን አያገኝም። ማቃጠሉ በተቋረጠ ቁጥር ለዚያ የተረጨው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ይቀጥናል። የዘይት መጠን ያለ ምክንያት ከጨመረ ደስ አይበላችሁ፣ ወዲያው ቀይሩት። ይህንን የማያውቅ ባለቤት ነው ክራንክ ሻፍት ሰበረ የሚባለው።

ደግሞ ካንቢዮው። «ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው» የሚለውን የመኪናው ሻጭ እንጂ ካንቢዮውን የሠራው ዜድኤፍ አይለውም፤ እሱ ከ80 እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየር ነው የሚለው። የፕላስቲክ ድስቱ ፊልትሮውን ይዞ አብሮ ይለወጣል። መጠኑ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በመትረፊያው ቀዳዳ ነው። ቀዝቃዛውን፣ ሞተር አጥፍቶ «ሞልቷል» የሚል መካኒክ ሊትር አጉድሎ ያስረክባችኋል።

ጣና ኤሌክትሪክ፦
አንድ ነገር ብቻ። በኮምፒውተር ሲነበብ 30 ስህተት ቢወጣ አትደንግጡ፤ መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። አርፎ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ጤነኛ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ሞጁሎቹ (መኪናው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች) እርስ በርስ መነጋገር ስለሚያቆሙ ያልተበላሸውን ሁሉ ተበላሸ ይላሉ። መንገድ ተዘግቶ ወር የቆመ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቢኤምደብሊው ላይ አዲስ ባትሪ ሲገባ በማሽን መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ የድሮው መስሎት እንደ አሮጌ ይሞላዋል፣ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ሲገዛም የሁሉም ሞጁል ንባብ ይጠየቅ፤ ኪሎ ሜትሩ ከአንድ በላይ ቦታ ስለሚቀመጥ ዳሽቦርዱ ላይ የተቀነሰው እዚያ ይጋለጣል።

እቴ ቢቸና፦
ወንዶቹ ሞተር ውስጥ ገባችሁና ጥያቄው ጠፋ። ቶዮታ አይበላሽም የሚል ካለ ይተው። የፕራዶው 3.0 ናፍጣ የኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው ዕቃ) መዳብ ቀለበት ካፈሰ ጥቀርሻው ዘይት ውስጥ ገብቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶዮታ ሞተር ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ቀርቷል ብሎ 100 ሺህ ያህል ቱንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ አሜሪካ ውስጥ ጠርቷል። ልዩነቱ ሌላ ነው፦ የፕራዶን ቀለበት ፍኖተ ሰላምም ታገኙታላችሁ፣ የሚገጥመው ሰውም አለ። የሬንጅ ሮቨርን ቫልቭ ብሎክ ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አሮጌ ታገኛላችሁ ወይም ከዱባይ ይታዘዛል፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዋጋው የት እንደደረሰ ለማንም አይነገርም። መኪናው እስኪመጣለት ግቢ ውስጥ ቆሞ ባትሪውም ጎማውም ይሞታል።

የእኔ አቋም፦ ሻጩ ይገደድ። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለታገደ አሁን የሚገላበጠው ያለው ነው፤ እያረጀ ይሄዳል። ስለዚህ በሽያጭ ውሉ ላይ የሁሉም ሞጁል ንባብ፣ የግፊት ፍተሻ ውጤትና የአራቱ ጥግ ከፍታ ልኬት ይያያዝ። በእጃቸው ምንም መመርመሪያ ሳይኖር የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያመጡትም ሕጉ ይኸው ይሁን።

ጮቄ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን መንደር ለመንደር የሚሸጠውን ደላላ ማን ይቆጣጠረዋል?

ዳሞት፦
እስከዚያው ባሎኑን አውጥቶ በብረት ሞላ መተካት ነው። ኪቱ ይሸጣል፣ አሞርዛቶሩ አብሮ ይመጣል፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱን የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥንም አለው።

ጮቄ፦
ሞላው ለየትኛው ክብደት እንደተሠራ ሳይጠየቅ አይገጠም፤ ባዶ መኪና የሚሸከም ሞላ ላይ ሰባት ሰውና ጤፍ ሲጫን ኋላው ይቀመጣል፣ መብራቱ ወደ ሰማይ ያበራል። ዲስከቨሪው ላይም ከፍ ዝቅ ማለቱ ይቀራል፤ ወደ ሞጣ መውጫ ያለውን ጭቃ ለመሻገር የተገዛ ከሆነ የገዙበትን ነገር አወጡ ማለት ነው።

ዳሞት፦
ከቆመ መኪና ዝቅ ያለ የሚሄድ ይሻላል። ሞላውን በሻሲ ቁጥሩ አዝዙ፤ ከገጠማችሁ በኋላ የፊት መብራቱንና የጎማውን አቅጣጫ አስለኩ፤ 22 ኢንች ቸርኬውንም ከቻላችሁ በ19 ቀይሩት፤ ግን መጀመሪያ የፊት ፍሬኑን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) እንደማይነካ ገጥማችሁ አዙሩት።