ለደሴና ኮምቦልቻ መንገድ የሚሆን የመጀመሪያ ክሩዘር

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ የምሠራ ሲሆን፣ መንጃ ፈቃዴን በቅርቡ ስላወጣሁ ረጋ ብዬ የምጓዝበት ክሩዘር (መቀመጫው ዝቅ ያለ ሞተር ሳይክል) መግዛት እፈልጋለሁ። ቁመቴ አጭር ነው። በ220 ሲሲ (የሞተሩ መጠን) ልጀምር ወይስ በቀጥታ 500 ሲሲ ልግዛ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፤ ክሩዘር ለአጭር ሰው የተመቸ ነው። የሆንዳ ሬብል 500 መቀመጫ ከመሬት 690 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል ሁለቱም እግሮችዎ መሬት ይረግጣሉ፤ ክብደቱ ግን ወደ 190 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ ዳገት ላይ ቆሞ ማዞር ለጀማሪ ይከብዳል። እኔ ብሆን ቀለል ያለውን ባጃጅ አቬንጀር 220 እመርጣለሁ።

መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከጉልበቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በተለይ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ሞተር በከፍታው ልክ ካልተስተካከለ ዳገቱን ሲወጣ ይደክማል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደግሞ ፍሬን ብቻ ይዘው ከወረዱ ፍሬኑ ግሎ ኃይሉን ሊያጣ ስለሚችል፣ ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ ራሱ እንዲይዝልዎ ያድርጉ። ክሩዘር ዝቅ ያለ በመሆኑ ኩርባ ላይ ብዙ ሲያጋድል የእግር መርገጫው አስፋልቱን ይነካልና ፍጥነትዎን ከኩርባው በፊት ይቀንሱ። የክረምቱን ዝናብና ጉም ስለምናውቀው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከል ሥርዓት) ያለውን ካገኙ ገንዘብ ጨምረውም ቢሆን እሱን ይውሰዱ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው 220ውን፣ መለዋወጫው ደሴ መገኘቱን አስቀድሜ አረጋግጬ እገዛለሁ።