ባለ 50,000 ቫይታሚን ዲ ለሚያቃጥል እግር፦ በየቀኑ ወይስ በየሳምንቱ?

ብሌን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ 61 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን 1000 ጠዋትና ማታ፣ ለግፊት ደግሞ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ሁለቱም እግሯ ከመርገጫው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያቃጥላታል፣ ይደነዝዛል። ማታ ይብስባታል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያማታል። በቅርቡ ቫይታሚን ዲ ተለክታ 14 ወጣ፣ የሦስት ወር ስኳሯ 8.6 ነው። ከአሜሪካ የተላከላት ባለ 50,000 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ካፕሱል አለ። «በየቀኑ ትዋጠው፣ ነርቭ ያድናል» የሚሏት አሉ። በየቀኑ ነው በየሳምንቱ? ደግሞስ እውነት ነርቭ ያድናል?

ፋርማሲስቱ፦
በየቀኑ አይደለም። እንደዚያ ጀምረውት ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ። የባለ 50,000 የተለመደ አወሳሰድ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት ነው፤ ከዚያ በቀን ከ1500 እስከ 2000 ዩኒት ወዳለው ይወረዳል። ያለ ሐኪም ክትትል በየቀኑ ከ4000 በላይ መውሰድ አይመከርም። ቀኑን ቆርጣችሁ ያዙ፣ እሑድ ከሆነ ሁሌም እሑድ። ዘይት ካለው ምግብ ጋር ይዋጡት፤ በባዶ ሆድ ወደ ደም የሚገባው ያንሳል።

የላብራቶሪውን ወረቀት ግን መልሰሽ እይው። 14 ምን? ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ ከ20 በታች ስለሆነ እጥረት ነው። ናኖሞል በሊትር ከሆነ ግን በ2.5 ሲካፈል 5.6 ናኖግራም ብቻ ነው፤ ያ ከባድ እጥረት ነው። የካፕሱሉንም ስም አንብቢ፦ ኮሌካልሲፌሮል (ዲ3) ወይም ኤርጎካልሲፌሮል (ዲ2) መሆን አለበት። አልፋካልሲዶል ወይም ካልሲትሪዮል የሚል ከሆነ ሌላ መድኃኒት ነው፤ ጉልበቱም መጠኑም አይገናኝም፣ ያለ ሐኪም አይነካም። አንዳንዱ ብልቃጥ ደግሞ በማይክሮግራም ይጽፋል፤ 25 ማይክሮግራም ማለት 1000 ዩኒት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የግፊት መድኃኒቱ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከአንጀት የሚገባውን ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ ካልሲየም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ምልክቱ ጥማት፣ የሽንት ብዛት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያየ ቤተሰብ «ስኳሯ ወጣ» ብሎ የስኳር መድኃኒት ሊጨምር ይችላል፣ ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት ካልሲየምና ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ይለኩ፤ ከወር በኋላ ካልሲየሙ ይደገም። የኩላሊት ጠጠር ወይም የኩላሊት ድክመት ካለ፣ ወይም ቲቢ እየታከሙ ከሆነ፣ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ዶ/ር ከውስጥ ደዌ ክፍል፦
መጠኑ በደንብ ተመልሷል። ለሁለተኛው ጥያቄ፦ ያድናል ማለት አይቻልም። የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የነርቭ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝባቸው ደጋግመው አሳይተዋል። ግን እግሩ የሚያመው ሰው ከቤት አይወጣም፣ ፀሐይ አያገኝም፣ ክብደትም ይጨምራል፤ ስለዚህ የቱ የቱን እንዳመጣ ከዚህ አይታወቅም። ቫይታሚኑን ሰጥተው የሞከሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የሕመም ስሜቱ እንደቀነሰ አሳይተዋል፣ የሞተ ነርቭ መመለሱን ግን አላረጋገጡም። እጥረት ካለ ማስተካከሉ ለአጥንትና ለጡንቻ ዋጋ አለው፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ቶሎ ስለሚወድቅ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ስኳሩንም ያወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። በ2019 ውጤቱ የታተመ፣ ወደ ስኳር ሕመም የተጠጉ 2423 ሰዎችን ያካተተ ሙከራ በቀን 4000 ዩኒት ሰጥቶ፣ ሕመሙን መከላከሉን በሚያረጋግጥ ልክ ልዩነት አላገኘም።

ከዲ ይልቅ የምጠረጥረው ቢ12ን ነው። ሜትፎርሚን በቀን 2000 ሚሊግራም ለዓመታት ሲወሰድ የቢ12ን ከአንጀት መግባት ይቀንሳል፤ እጥረቱ የሚያመጣው መደንዘዝና ማቃጠል ደግሞ በዓይን ሲታይ ከስኳሩ አይለይም። እናትሽ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾሙ ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል፤ በሽሮና በምስር ውስጥ ቢ12 የለም፣ ምንጩ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ነው። ይለካ። ከ200 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች እጥረት ነው፣ ከ200 እስከ 300 ያለው ደግሞ ምልክት እስካለ ድረስ መታከም አለበት ባይ ነኝ። ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ 8.6ን ወደ 7 አካባቢ ማውረዱ ነው ነርቩን ከተጨማሪ ጉዳት የሚጠብቀው።

ብሌን፦
ሁሉንም ትጾማለች፣ ፍልሰታንም ጭምር። በየጊዜው ቢ1፣ ቢ6፣ ቢ12 አንድ ላይ ያለበት መርፌ ትወጋለች፤ ክኒኑንም በየቀኑ ትውጣለች። ቢ12 በዚያ አይሞላም?

ዶ/ር ከውስጥ ደዌ ክፍል፦
መርፌው ውስጥ ያለው ቢ12 በቂ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ መርፌ ከተወጉ በኋላ የሚለካው ቁጥር ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ከዚያ በፊት እጥረት እንደነበረ አያሳይም። የቆየ የደም ምርመራ ወረቀት ካለ ፈልጉ፦ ሄሞግሎቢን ዝቅ ያለ፣ የቀይ የደም ሴሎቹ ትልቅነት (ኤምሲቪ) ከ100 በላይ የሆነ። ኤምሲቪ ልክ ነው ማለት ግን እጥረት የለም ማለት አይደለም፤ የብረት እጥረት አብሮ ካለ ይሸፍነዋል።

ክኒኑን ግን ዛሬ ገልብጠሽ አንብቢው። ብዙዎቹ 100 ወይም 200 ሚሊግራም ቢ6 አላቸው። ሰውነት በቀን የሚፈልገው ከ2 ሚሊግራም አይበልጥም፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ለአዋቂ ያስቀመጠው ጣሪያ 12 ነው። ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ ምልክቱም ያው መደንዘዝና ማቃጠል ነው። ሰው እግሩ በባሰበት ቁጥር ይጨምራል፣ በጨመረ ቁጥር ይብስበታል። የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ ለሚወስድ ሰው ቢ6 ያስፈልጋል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ለእናትሽ ግን ብቻውን የተዘጋጀ ቢ12 በቀን 1000 ማይክሮግራም በአፍ ይበቃል፤ የአንጀቱ ዋና መንገድ ቢዳከምም ከዚህ ሁሉ ጥቂቱ በራሱ ሰርጎ ይገባል።

ነርስ (የእግር ክትትል)፦
እስከዚያው እግሩን ፈትኑት። እናትሽ ዓይናቸውን ይጨፍኑና ቀኝ ወይስ ግራ እንደተነካ ይናገሩ። በጠቋሚ ጣት ጫፍ፣ ላባ እንደሚነካ ያህል፣ ለ1 ወይም ለ2 ሰከንድ አውራ ጣታቸውን፣ መሐለኛውንና ትንሹን ጣት ጫፍ ጫፉን ንኩ፤ በሁለቱ እግር በድምሩ 6 ቦታ ነው። አትጫኑ፣ አትኮርኩሩ፣ ካልተሰማቸው አትድገሙ። ከ6ቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማ የመከላከያ ስሜቱ ጠፍቷልና በክሊኒክ በናይሎን ክርና በንዝረት መለኪያ ይታይ። አንድ እግር ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም ድክመቱ በፍጥነት ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ስኳር ነው ብሎ መተው አይገባም።

ማታ የሚያቃጥለውን በሙቅ ውኃ ወይም በከሰል ምድጃ ማሞቅ ክልክል ነው። ቃጠሎው የሚታወቀው ቆዳው ካበጠ በኋላ ነው። ውኃ በክርን ይፈተን። በቤት ውስጥም ባዶ እግር አይኬድም፤ ጫማ ከመልበሳቸው በፊት እጃቸውን አስገብተው ጠጠር ይፈልጉ። ጣት ለጣት መሐል በደንብ ይደረቅ፣ ቅባት ግን መሐሉ አይገባም።

ፋርማሲስቱ፦
ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ከሆነ ይተዉት። ለነርቭ ሕመም አይረዳም፣ ከግፊት መድኃኒቱ ጋር ሆኖ ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪሙን ስለ አሚትሪፕቲሊን ጠይቁት፤ በዚህ ዕድሜ ማታ ከ10 ሚሊግራም ይጀመራል፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ግላኮማ ካለ ግን አይሰጥም። ሌላው ጋባፔንቲን ነው፤ ማታ 300 ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ለሊት ለሽንት ሲነሱ መብራት ይብራላቸው።

ብሌን፦
መርገጫዋን ነክተናት ከ6ቱ 3ቱ አልተሰማትም። ክኒኑ ላይ ቢ6 200 ነው የሚለው። አስቁመናታል፤ ካልሲየምና ክሬቲኒን ሰኞ ትሰጣለች፣ 50,000ውን ውጤቱ እስኪመጣ አስቀምጠነዋል።

ነርስ (የእግር ክትትል)፦
ፈተናው ጣቶቹ ጫፍ ላይ ነው፤ መርገጫው ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ያሳስታል። ጣቶቹ ላይ ድገሙት። እዚያም 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው ሰኞ ደም ሲሰጡ በዚያው የእግር ምርመራ ይጠይቁ።