ጥቆማ፦ ውርጭም ፀሐይም የማይነቅለው የኪውአር ስቲከር ደብረ ብርሃን ማን ያትማል?

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የእሳት መከላከያ ሥራ እያገባደድን ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ አንድ መጋዘን ይዘናል። ሁለቱ ላይ 62 የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር አለ። ዋናው ጣጣ ግን እሱ አይደለም። ቧንቧና ኬብል ግድግዳና ስላብ (የኮንክሪት ወለል) በስተው የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች ሙቀት ሲነካው በሚያብጥ ማሸጊያ እየደፈንን ነው። እስካሁን 140 ደፍነናል። አማካሪው «እያንዳንዱን ማን ደፈነው፣ በምን ደፈነው፣ መቼ ደፈነው፣ ፎቶው የታለ?» ይላል። ካልተሟላ ርክክብ የለም። እውነቱን ነው። ኮርኒሱ ከተገጠመ በኋላ ማን ያየዋል?

ስለዚህ እያንዳንዱ ቀዳዳ አጠገብ ኪውአር ያለው ስቲከር ልንለጥፍ ነው። ስካን ሲደረግ መዝገቡ ይከፈታል። ስቲከሩ ከምን ይሁን? ላሚኔት ከተደረገ ወረቀት፣ ከፕላስቲክ ወይስ ከአሉሚኒየም? እዚሁ ከተማ ማን በደንብ ያትማል? መዝገቡንስ በአፕ ልያዘው ወይስ ጉግል ሺት ይበቃል? እባካችሁ የሞከራችሁትን ብቻ ንገሩኝ።

ታማኝ ደንበኛ፦
ወንድሜ፣ የትም አትድከም። እኔ የማሠራበት ማተሚያ ቤት አለ፣ በውስጥ እልክልሃለሁ። የልጄን የክርስትና መጥሪያ ካርድ እዚያ ነው ያሳተምኩት። ወርቃማ ቀለሙ እስከ ዛሬ ንክች አላለም። ልጁ ስድስተኛ ክፍል ገብቷል።

የጠባሴዋ፦
እህትህ ነኝ። ኪውአር አትመው ያውቃሉ?

ታማኝ ደንበኛ፦
ይቅርታ እህቴ። ሁሉንም ያትማሉ። ልጆቹ ሰው አክባሪ ናቸው።

ውርጭ ያየሁት፦
መጥሪያ ካርዱ አልበም ውስጥ ነው የኖረው ወይስ አጥር ላይ?

የደረሰብኝን ልንገርሽ። አምና ለአንድ ግቢ ሲሊንደሮች 80 ስቲከር አሳተምኩ። እዚሁ ከተማ። ስረከብ ያምራል፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ። ለካ ያተሙት ቀለም በሌለው ማሽን ነው፤ ወረቀቱ በሙቀት ብቻ የሚጠቁረው ዓይነት። የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ምን ይሆናል? እሱ ነው የሆነው። መስኮት አጠገብ ያሉት በሁለት ወር ባዶ ወረቀት ሆኑ።

የተረፉት ደግሞ ሌላ ጉድ አመጡ። ኮዱን ያዘጋጁልኝ በአንድ ድረ ገጽ የነጻ ሙከራ ነበር። ኮዱ በቀጥታ ወደ እኔ መዝገብ አይሄድም፤ መጀመሪያ በእነሱ ገጽ በኩል ያልፋል። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ስካን ላደረገ ሁሉ «ክፍያ ይፈጽሙ» የሚል ይመጣ ጀመር። ይህንን ያወቅኩት ተቆጣጣሪ ፊት ቆሜ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የቀረውን ኅዳር ጨረሰው። ጠዋት ጠዋት ብረቱ ላይ ውርጭ ያድራል፣ ረፋድ ላይ ውኃ ይሆናል። ጥጉ ተላቀቀ፣ ከዚያ ያለፈ ያገደመው ሁሉ በጥፍሩ ይቆሰቁሰዋል። ማተሚያ ቤቱ? ስልክ አያነሳም።

ፒያሳ ያደግኩ፦
ስሙን ጥቀስ እንጂ፣ ሌላው እንዳይበላ።

ውርጭ ያየሁት፦
ስም አልጠራም። ነገ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን።

ታማኝ ደንበኛ፦
የኔዎቹ እንዳይሆኑ ብቻ።

ውርጭ ያየሁት፦
የአንተዎቹ እነማን እንደሆኑ በምን አውቃለሁ?

ታማኝ ደንበኛ፦
የኔዎቹ እንዲህ አያደርጉም።

የሮቢት ማንጎ፦
እናንተ በውርጭ ታለቅሳላችሁ፣ እኛ ጋ ሙጫው ራሱ እየለሰለሰ ይንሸራተታል። ዛሬ የለጠፍሽው ነገ ሁለት ጣት ወርዶ ታገኚዋለሽ። ለደብረ ብርሃን የመረጥሽውን ለሮቢት እንዳለ አታውርጂው። በዚሁ ግን፣ ፓውደር ሲሊንደር በደንብ የሚሞላ ታውቃላችሁ? ያለፈው ዓመት ስድስት አስሞልቼ ደስ አላለኝም።

ሸኖ ተራ፦
ሪፊል ከሆነ አዲስ አበባ ውሰደው።

ፒያሳ ያደግኩ፦
ለስድስት ሲሊንደር አዲስ አበባ? የመኪናው ኪራይ አዲስ ይገዛል።

አረንጓዴ ጌጅ፦
የትም አስሞላ፣ ሚዛን ይዘህ ሂድ። ሳይሞላም ሲሞላም መዝን። ውስጡን ሳይነኩ አዲስ ስቲከር ለጥፈው የሚመልሱ አሉ፤ እኔን አንድ ጊዜ ጉድ ሠርተውኛል። የፓውደሩ ጌጅ (የግፊት መለኪያው) አረንጓዴ ላይ ነው ማለት ግፊት አለው ማለት እንጂ ዱቄቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። እርጥበት ከገባው ይረጋል፣ ይጋገራል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ጌጅም የለውም፤ የሚታወቀው በክብደቱ ብቻ ነው። የጠባሴዋ፣ መዝገብሽ ላይ የክብደት ዓምድ ከሌለ ጨምሪ። በየወሩ በዓይን የሚታየውና በዓመት አንዴ ባለሙያ የሚያየው ለየብቻ ይጻፍ።

ኬብል ጎታች፦
140 ቀዳዳ ከነፎቶው! ለምን የፋይዳ ቁጥር አታወጡላቸውም? አሻራም ይስጡ። እኛ በማርከር ቁጥር ጽፈን ስንሠራ ሕንፃ አልተቃጠለም።

የጠባሴዋ፦
ከደፈንን በኋላ እየመጣህ የምትበሳው አንተ ነህ ማለት ነው?

ኬብል ጎታች፦
ኬብሉ በየት ይለፍ ታዲያ? በጸሎት?

የጠባሴዋ፦
በስተህ ካለፍክ ንገረን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የደፈንነውን አንዱ በስቶ በተራ ፎም ሞልቶት ሄዷል። ፎም ይቃጠላል። ስቲከር ቢኖር ቢያንስ የቱ ቁጥር እንደተነካ አውቅ ነበር።

ፎርማን በጡረታ፦
ልጄ፣ ጭቅጭቁን ተዪውና ሥራሽን ስሚ። ወረቀቱ ላሚኔትም ቢሆን ይቅርብሽ፤ ውኃ በጠርዙ ይገባል። የፖሊስተር ስቲከር፣ ማለትም ፕላስቲኩን፣ በሪባን በሚያትም ማሽን አሳትሚ፤ ሪባን ማለት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው የቀለም ጥቅል ነው። ሪባኑም ሬዚን የሚባለው ይሁን፣ ቶሎ አይፋቅም። አሉሚኒየሙን ለደጅና ለሮቢቱ መጋዘን አድርጊው፤ ግድግዳው ላይ በብሎን ይታሰር። ሲሊንደሩን ግን እንዳትበሺው! ለእሱ ከእጀታው ላይ ይንጠልጠል።

ጠዋት በብርድ አትለጥፉ። ፀሐይ ወጥታ ግድግዳው ሞቅ ሲል፣ አቧራውን ጠርጋችሁ፣ በስፒሪት ወልውላችሁ። ያልተቀባ ሲሚንቶ ላይ የስቲከር ሙጫ በደንብ አይይዝም። ማሸጊያው ላይም አትለጥፊው፤ እሱ በእሳት ጊዜ ማበጥ አለበት፣ ፈታሹም ማየት የሚፈልገው እሱን ነው። ጎኑ ላይ፣ ግድግዳ ከሆነ በሁለቱም ፊት።

መጠኑን በርቀቱ አስቢው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ኮድ ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ይነበባል። ኮርኒስ ሥር ላለው ተለቅ ይበል፣ ሁልጊዜ መሰላል የለም። ኮዱ ሲዘጋጅ የእርማት ደረጃውን ከፍተኛው ላይ አስደርጊ፤ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽ ይነበባል። ከሥሩ ቁጥሩ በሰው ዓይን እንዲነበብ ይጻፍ። ምድር ቤት ኔትወርክ የለም፣ ባትሪም ያልቃል።

ጉግል ሺት ይበቃሻል። ሊንኩ ግን ለማየት ብቻ የተፈቀደ ይሁን፣ አለዚያ ስካን ያደረገ ሁሉ ይሰርዝበታል። ፎቶ ሦስት፦ ሳይደፈን፣ ሲደፈን፣ ተደፍኖ። በሦስቱም ቁጥሩ ይታይ። አንድ ነገር ደግሞ፣ የቀን አቆጣጠሩን ከአሁኑ ቁረጡ። አንድ መዝገብ ላይ አንዱ ልጅ 2017፣ ሌላው 2025 ብሎ ለአንድ ሳምንት ሥራ ጽፎ አይቻለሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አማካሪው ግን ሊያብድ ነበር።

የጠባሴዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የቀን አቆጣጠሩ ነገር እኛም ጋ አለ። አሁን ሄጄ አየሁት፣ 31 መስመር ላይ ተደባልቋል።

ሸኖ ተራ፦
እኛ ሳይት ጥበቃው በቴሌብር ስካን አድርጎት «ኮዱ አይሠራም፣ ብር አልቆረጠም» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን።

ኬብል ጎታች፦
ትክክል ነው ሰውዬው። ኪውአር ለክፍያ ነው።

አረንጓዴ ጌጅ፦
የተሠራው ለዚሁ ነው እንጂ። በፈረንጆቹ 1994 ጃፓን ውስጥ የመኪና ዕቃ ለመከታተል ነው ያወጡት። ክፍያው ኋላ የመጣ ነው።

የሮቢት ማንጎ፦
የእኔን የሪፊል ጥያቄ ማን መለሰው?

አረንጓዴ ጌጅ፦
ሚዛን አልኩህ።

የሮቢት ማንጎ፦
ሚዛን ቦታ ነው እንዴ?

የጠባሴዋ፦
ጋሼ ያሉት የሪባን ማሽን እዚህ ከተማ ያለው ሰው ታውቃላችሁ? ካልሆነ አዲስ አበባ አሳትሜ ከላምበረት በሚኒባስ ማስላክ ነው። ግን የተሳሳተ ቁጥር ቢመጣ ምልልሱ ይገለኛል። ትንሽ ማሽን ገዝተን እዚሁ ሳይት እናትም የሚልም አለ ከእኛ ውስጥ።

ውርጭ ያየሁት፦
ግዙ። የእኔን 80 አስቢ።

ታማኝ ደንበኛ፦
ቆይ እህቴ፣ እንዳትገዢ። የኔዎቹን ሄጄ ልጠይቅልሽ፣ ቅርብ ነኝ።

ውርጭ ያየሁት፦
በሪባን ያትሙ እንደሆነ ጠይቅ እንጂ ስለ ክርስትናው አታውራ።

ታማኝ ደንበኛ፦
መጣሁ። ሪባን አለ ብለውኛል፣ ቀይም ሰማያዊም። ለምርቃት የሚቆረጠው ነው። ግን ሻይ ሳይጋብዙኝ አልለቀቁኝም።