ለጠባብ ቤት የሚሆን ትንሽ የአበባ ጉንጉን ከምን ይሠራል? የትስ ይሰቀላል?

የአራት ኪሎ ተከራይ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከ20 ካሬ ሜትር በማይበልጥ ስቱዲዮ ነው። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና ማብሰያው በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሆኑ ወለል ላይ የሚቀመጥ ጌጥ የማይታሰብ ነው፤ ትልቅ ሥዕል ሲሰቀል ደግሞ ክፍሉ ይበልጥ የጠበበ ይመስላል። ስለዚህ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ የአበባ ጉንጉኖችን ሠርቼ ቤቱን ለማስዋብ አስቤያለሁ። በገበያ ያሉት የፕላስቲክ ጉንጉኖች አልማረኩኝም፤ ከአገራችን ዕፅዋት ተሠርቶ ለወራት የሚቆይ ነገር ነው የምፈልገው። የትኛው ቅጠልና አበባ ሲደርቅ መልኩን ይጠብቃል? አከራዬ ግድግዳው እንዳይበሳ አጥብቀው ስላስጠነቀቁኝ ያለ ምስማርስ በምን ልስቀለው? ከዚህም ሌላ አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት አሳቤን ሲሰሙ «ልጄ፣ ጉንጉን አበባ እኮ ለሐዘን ነው» አሉኝ፤ ንግግራቸው ከልቤ አልወጣም። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ስንደዶ

ጉንጉን የሚያምረውም የሚበላሸውም በቀለበቱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ለእርስዎ ቤት ወርዱ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት በቂ ነው። ብዙ ሰው ሽቦ አጥፎ ይጀምራል፤ ይሠራል፣ ነገር ግን በትንሽ ጉንጉን ላይ ሽቦው ከቅጠሉ መካከል ብቅ ሲል ወዲያውኑ ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔ የምመክረው የስፌትን ዘዴ ነው። ጥቂት ስንደዶ ውኃ ውስጥ አለስልሰው በክብ ያጥፉት፤ ጫፍና ጫፉን ደራርበው በክር ካሰሩት በኋላ ሞሰብ እንደሚሰፋው ሁሉ አክርማ በሚባለው የስፌት ሣር እየጠመጠሙ በወስፌ ይስፉት። ቀለም የተነከረ አለላ ከገባበት ቀለበቱ ራሱ ጌጥ ስለሚሆን፣ ቅጠሉና አበባው ከዙሪያው ሲሶውን ቢሸፍኑ ይበቃል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ዙሪያውን በቅጠል የታጨቀ ጉንጉን ይከብዳል፤ ለዓይን ዕረፍት የሚሰጠው ያልተሸፈነው የቀለበቱ ክፍል ነው።

ከቅጠል ወገን የማስቀድመው ወይራን ነው። ቅጠሉ ጠባብና ጠንካራ በመሆኑ ደርቆም ቅርፁን አይለቅም፤ የላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ የጀርባው ደግሞ ፈዘዝ ያለ መሆኑ ያለ ሌላ ቀለም ውበት ይሰጠዋል። ለጉንጉን ደግሞ እንግዳ አይደለም፦ በጥንቱ የኦሊምፒያ ውድድር አሸናፊዎች የሚሸለሙት የዱር ወይራ ጉንጉን ነበር፤ ልማዱ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ ታድሶ፣ ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር ወርቃቸውን ሲቀበሉ የወይራ ጉንጉን ደፍተው አይተናቸዋል። የእኛ አገር ወይራ የዚያ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ለትንሽ ጉንጉን ከተገረዘ ቅርንጫፍ የተረፈ አንድ ዘለላ ስለሚበቃ፣ ዛፍ መቁረጥ ቀርቶ ማጎሳቆልም አያስፈልግም።

የጥብስ ቅጠልም ከማንኛውም አትክልት ቤት በርካሽ ይገኛል። እርጥብ ሳለ ቀጫጭኑ ዘንግ ሳይሰበር ስለሚታጠፍ ያለ ሌላ ቀለበት ብቻውን ጉንጉን ይሆናል፤ ከደረቀ በኋላም መዓዛው ይቆያል። ጽጌረዳ ከፈለጉ ሙሉ በሙሉ ሳይፈነዳ ይግዙት፤ ብርሃን በማይበዛበትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ዘቅዝቀው ሁለት ሦስት ሳምንት ይስቀሉት። ደማቅ ቀዩ ሲደርቅ ወደ ጥቁር ስለሚጠጋ ፈዛዛ ሮዝና ቢጫው ይሻላል። ይህን ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ይሥሩት፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የተሰቀለ አበባ ከመድረቁ በፊት ሊሻግት ይችላል። አደይ አበባን ግን ለማድረቅ አይድከሙበት። መልኩ ያለው በእርጥብነቱ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ለብቻው ተጎንጉኖ ሲጠወልግ ይነሣል።

የብረት በር

ስለ መስቀያው ብቻ ልመልስ። በርዎ ወይም የመስኮትዎ ክፈፍ ብረት ከሆነ ማግኔት ይይዘዋል፤ እንዲህ ያለው ጉንጉን በጣም ቀላል በመሆኑ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሥራውን ይሠራል። ቀለሙን እንዳይቧጭረው ጨርቅ ያልብሱት። በሁለት ፊት የሚያጣብቅ ፕላስተር ግድግዳ ላይ አይጠቀሙ፤ ሲነሣ ቀለሙን ልጦ ስለሚሄድ ከአከራይዎ ጋር ያጋጭዎታል። ከዚያ ይልቅ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ በስስ ክር ማንጠልጠል ይሻላል።

የፒያሳ ነዋሪ

የጎረቤትዎን አስተያየት አቅልለው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ፤ መሠረት አለው። በከተማችን ሰው ጉንጉን አበባ የሚያየው በመቃብር ላይ፣ የካቲት 12 በስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ሥር፣ የካቲት 23 ደግሞ እዚሁ ፒያሳ በዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሥር ሲቀመጥ ነው። በእነዚህ ዕለታት ጉንጉን የክብርና የመታሰቢያ ምልክት በመሆኑ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው በመኖሪያ ቤት በር ላይ ሲያየው ቢደነግጥ አይገርምም።

ይሁን እንጂ የጉንጉን ወግ ሐዘን ብቻ አይደለም። በጎጃም አዲስ ዓመት ሲቃረብ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው፣ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው በራሳቸው ላይ ያደርጉታል፤ ከቤቱ ምሰሶም ላይ ያስሩታል። ይህ የደስታ ጉንጉን ነው፤ ቤት ውስጥ መዋሉም ከእኛው ባህል የመጣ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ከውጭው በር ይልቅ ከበሩ በስተውስጥ ይስቀሉት፤ ኮሪደሩ የጋራ ስለሆነ የጎረቤትን ስሜት መጠበቅ ተገቢ ነው። ጥቁርና ሐምራዊ ጥብጣብ፣ በተለይም ጽሑፍ ያለበት፣ አያስገቡበት። ደግሞም አንዱን ሠርተው ለእኚሁ እናት ቢሰጧቸው፣ ስለ እንግጫው ከእኔ የበለጠ የሚነግሩዎት ይመስለኛል።

የአራት ኪሎ ተከራይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእንግጫውን ነገር ስሰማ ልቤ ተረጋጋ። በሬ ብረት ስለሆነ በማግኔት ከውስጥ እሰቅለዋለሁ። አንድ ነገር ላስቸግር፦ ከመስታወቱ ላይ፣ ከቁም ሣጥኑ በር ላይና ከማብሰያው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አንዳንድ ብሰቅል ይበዛ ይሆን?

ስንደዶ

ሦስቱ በአንድ ጊዜ ከበሩ ላይ ሆነው የሚታዩ ከሆነ ይበዛል። በአንድ እይታ ውስጥ አንድ ብቻ እንዲገባ ያድርጉ። መጠኑን ሲወስኑም ጉንጉኑ ከሚያርፍበት ዕቃ ስፋት ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛውን ቢይዝ ይመጥናል፤ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትንሽ መስታወት ከላይ ያልኩት 12 ሴንቲ ሜትሩ ይስማማዋል፤ ለሰፊው የቁም ሣጥን በር ግን ያንሳል፤ ያንን ባዶውን ይተዉት።

ከማብሰያው በላይ ያሰቡትን ፈጽሞ አልስማማበትም። የደረቀ ቅጠልና ስንደዶ እሳት በቀላሉ ይይዛል፤ እንፋሎቱና የዘይቱ ጭስም ጉንጉኑን በአጭር ጊዜ ያጠቁረዋል። መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚያበሩበትን ቦታም ያርቁት። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ከሁሉም ቦታ አውርደው በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ካርቶን ውስጥ አድርገው ከቁም ሣጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያቆዩት፤ መስከረም ሲጠባ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገው፣ የረገፈውን ቅጠል ብቻ ተክተው መልሰው ይሰቅሉታል።